ካውያ የነካው ቬሎ

የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን ያሰረዘው ባልየው ራሱ ነው። ማንም አልገፋውም። ጠዋት ተነሳ፣ ጺሙን ተላጨ፣ ሸሚዙን ተኮሰ፣ ሄዶ ወረፋ ያዘ፤ ተራው ሲደርስ ገባና «የኔን ፋይል ዝጉልኝ» አለ። ዘጉለት። ለማስከፈት ያን ሁሉ ደጅ የተጠናበት ፋይል ለመዝጋት አንድ ፊርማ በቃው።

ሚስቱ ይህን የሰማችው ሱቋ ውስጥ፣ አፏ ስፒል እንደያዘ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ስፒል አፏ ውስጥ ካለ አትናገርም። የሰፈሩ ሰው ያውቃል፤ ጥያቄ ያለው ስፒሉ እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቃል። ያን ቀን ግን ተናገረች። አንዱን እንዴት እንዳልዋጠችው ይገርማል።

ነገሩ የመጣው በቬሎው ነው።

ቬሎውን ራሷ ነች የሰፋችው። አንዲት ሙሽራ አዝዛ፣ ሁለቴ መጥታ ተለክታ፣ በሦስተኛው ቀረች። ወይ ሰውየው ጠፋ፣ ወይ እሷ ልብ ገዛች፤ አልታወቀም። ቬሎው መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሰፊዋም ታከራየው ጀመር። አንድ ቀን ስትተኩሰው ስልክ ጮኸ፣ ስልኩን ስታነሳ ካውያውን ረሳችው፣ ግራ ወገቡ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠቆረ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። እሷ ከመጋረጃ ገበር ላይ ቆርጣ የጨርቅ አበባ ሠራችና ጠባሳው ላይ ሰፋችበት፤ አለቀ። ሰው ግን አበባውን ወደደው። «አበባ ያለበትን አከራዪኝ» እያሉ ከሌላ ሰፈር ሁሉ ይመጡ ጀመር።

የሚመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ነፍሷን ያወጧታል። ወገቡ ሰፋኝ፣ ደረቱ ጠበበኝ፣ ከኋላዬ እንዴት ነው፣ እስቲ በስልክ አንሺኝ። እነዚህ የሚያገቡት ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ገብተው ይለብሳሉ፣ መንገድ ተሻግረው ፎቶ አንሺው ጋ ይሄዳሉ፣ ተነስተው ተመልሰው ያወልቃሉ። መስታወቱን አያዩም። ወገቡ ቢሰፋ ቢጠብ ጉዳያቸው አይደለም። በዚያ ሰፈር ግማሹ ሰው ወረቀት ይጠብቃል፣ የቀረው ወረቀት ያገባል። ደንቡ ለመናገር ቀላል ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው ያገባው ሰው ፈቃድ ያገኛል፣ ጋብቻው የእውነት ከሆነ። ያንን ሁሉ ሰው ኮሪደር ላይ የምታስቀምጠው «የእውነት» የምትለዋ ቃል ናት።

ሰፊዋ አትጠይቃቸውም ነበር። እኔ የማከራየው ጨርቅ ነው፣ ባል አይደለም ትላለች።

ወረቀት ካገቡት አንዷ የገዛ እህቷ ናት። ሚጡ ይሏታል። ልጅ ሆና የወጣላት ነው፤ አድጋ በቁመት ታላቋን ብታልፍም አልለቀቃትም። ሚጡ ያለ ፈቃድ ዓመታት እህቷ ቤት ኖራለች። ዋናው መንገድ አትወጣም። በር ሲንኳኳ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ነክሳ ትተኛለች እንጂ ሐኪም ቤት አትሄድም። በመጨረሻ ከሱቁ በላይ የሚኖር ጡረተኛ፣ የአውቶቡስ ሾፌር የነበረ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ «እኔ ምን ይጎድልብኛል» አለና ማዘጋጃ ቤት ወርዶ ፈረመላት። ሳንቲም አልተቀበለም። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ ቤቱን እንድታጸዳለትና ትንሽ እንድታጫውተው ብቻ ነው የፈለገው።

ሚጡ አበባ ያለበትን ቬሎ ለብሳ ከሱ ጋር ፎቶ ተነሳች። ለቃለ መጠይቁ ያጠኑት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ነው። ሰፊዋ መኪናዋን እየረገጠች ትጠይቃለች፣ እነሱ ይመልሳሉ።

«በየትኛው ጎኑ ነው የሚተኛው?»

«በቀኝ። ግራ ትከሻው ያመዋል፤ መሪ ሲያዞር የኖረበት ነው።»

«አባባ፣ እርስዎ ደግሞ። ሚስትዎ የምትፈራው ምንድነው?»

«እኔን።»

«ቀልዱን ይተዉት አባባ፣ ሥራ አለብኝ።»

«እሺ፣ ውሻ። ልጅ ሆና ነክሷት ነው። ግራ ባቷ ላይ።»

ሰፊዋ መኪናውን አቆመች። አንድ ቤት ያደጉ ናቸው፤ የትኛው ባት እንደነበር እሷ ራሷ አታስታውስም።

አለፉ። ቢሮው ፈቃዷን ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ሚጡ መንገድ መሀል ነው የምትሄደው። መኪና ጥሩንባ ቢነፋባት እንኳ አትቸኩልም።

የሰፊዋ ባል ሌላ ነው። የሴራሚክ ሠራተኛ ነው፤ ወለል ያነጥፋል፣ ግድግዳ ይለጥፋል። ጓደኞቹ ውሃ ልክ ይሉታል፣ ያንን ግንበኛ ግድግዳ ላይ አስደግፎ መሀሉ ያለችውን አረፋ የሚያያትን ነገር። አንዲት ሴራሚክ የጸጉር ያህል ከወጣች ረድፉን በሙሉ ነቅሎ እንደገና ስለሚጀምር ነው። ወደዚህ አገር የመጣው በኮንትራት ነበር። ድርጅቱ ሲዘጋ የሱም ፈቃድ አብሮ ተዘጋ።

ያን ጊዜ ተጋብተው ነበር። በምሳ ሰዓት ነው የተጋቡት። እሱ ጥፍሩ ውስጥ ሲሚንቶ እንዳለ፣ እሷ ሽርጧ ላይ ስፒል እንደተሰካ። ምስክሮቹ ፎርማኑና ከሱቋ ጎን ያለችው ጸጉር ሠሪ ናቸው። ፈረሙ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ለስላሳ ለአራት ጠጡ፣ ጸጉር ሠሪዋ አንድ ጊዜ እልል አለች፣ ሰው ዞሮ ሲያያት አፏን ያዘች፣ ሁሉም ወደ ሥራው ተመለሰ። ፎቶ የሚባል ነገር ለማንም ትዝ አላለውም። መስኮቷ ላይ ቬሎ የሰቀለች ሴት ለራሷ ሰርግ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም። ደስ ብሏት ነበር። ማታ ሱቅ ስትዘጋ ታስታውሰውና ብቻዋን ትስቃለች።

ማመልከቻ አስገቡ። መልስ እስኪመጣ ባልየው መሥራት አይችልም። እዚያ ሰፈር እንደሱ መልስ የሚጠብቅ ወንድ ሁሉ አይችልም፤ ሌላው ሁሉ ግን በጓሮ ይሠራል። ውሃ ልክ አይሠራም። «አትሥራ ብለውኛል» ይላል፤ አለቀ። ገበያ ይሄዳል፣ ያበስላል፣ ልብስ ያጥባል። ሥራ ሲጠፋ የራሳቸውን መታጠቢያ ቤት ወለል ነቅሎ እንደገና አነጠፈው፣ አንድ ጥግ ላይ ዝቅ ያለ ነገር ስላገኘ። ከዚያ የጎረቤቱን፣ በነጻ። በነጻ ከሆነ ሥራ አይባልም ወይ ብሎ ቢሮው ድረስ ሄዶ ጠይቆ ነው የጀመረው።

«ሰው ባል ያገባል» ትለዋለች ሰፊዋ፤ «እኔ ሕገ መንግሥት አገባሁ።»

ይስቃል። እሷም ትስቃለች፣ ግማሹን። እሷ ቶሎ የምትበግን ሴት ናት። ክር ሲወሳሰብባት አትፈታውም፤ ትበጥሰዋለች።

ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ የሰርግ ፎቶ ይዛችሁ ኑ ተባሉ።

ባልየው የለንም እንበላቸው አለ። እሷ የለንም የሚል ሰው ፋይል የት እንደሚገባ ታውቃለህ ወይ ብላ ጮኸችበት። ስንቱን ስታለብስ ኖራ በዚህ ልትያዝ ነው? ቬሎውን ከመስኮቱ አወረደችና ለበሰችው። ከኋላ ዚፑ አልደርስ አላት። በስፒል አያያዘችው፣ መንገዱን ተሻገረች፣ ባሏን እጁን ይዛ እየጎተተች። ፎቶ አንሺው ከግድግዳው ላይ ሱፍ አውርዶ አለበሰው። ውሃ ልክ ለመታወቂያ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ወንድሜ» አለው ፎቶ አንሺው፤ «ሙሽራ ነህ እኮ፣ ተከሳሽ አይደለህም። እስቲ ያዛት።»

ያዛት። እጁ ስፒል ላይ አረፈ። ደም ወጣው፤ እንዳያበላሽ ብሎ ጣቱን ሱፉ ኪስ ውስጥ ከተተ። ፎቶው ላይ እንደ ትልቅ ሰው አንድ እጁን ኪሱ አድርጎ ይታያል። ያምራል።

ቢሮው ባልና ሚስትን ለየብቻ ነው የሚጠይቀው። መርማሪዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። ሰፊዋን አስቀድማ አስገባቻት። ሰፊዋ ምንም አላጠናችም። የሚጠና ነገር የለማ፤ ባሏ ነው። የቱ ጋ ነው የሚተኛው ሲሏት ቀድሞ የደረሰ በደረሰበት አለች። ምን ይወዳል ሲሏት ቀጥ ያለ ነገር አለች። መርማሪዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ጻፈች። ከዚያ ፎቶውን አንስታ መቼ ነው የተነሳችሁት አለቻት።

አሳፈራት። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ሴት ጣቷ ላይ የተሰካ ቀለበት አለ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የልጆቿ ፎቶ አለ። በሽርጥ ነው ያገባሁት ማለት አሳፈራት።

«የሰርጋችን ቀን» አለች።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ባልየው ተከትሎ ገባ። ያንኑ ፎቶ አሳዩት፣ ያንኑ ጠየቁት። ባለፈው ሰሞን ነው አለ። የሰርጋችን ቀን ፎቶ አልተነሳንም፣ ሥራ ላይ ነበርን። ቬሎው የሚከራይ ነው፣ ከባለቤቴ ሱቅ ነው። ሱፉ ደግሞ የፎቶ አንሺው ነው። ስለ ሱፉ ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ አስገቧቸው። መርማሪዋ አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጣቷን አበባው ላይ አሳረፈች።

«ይህችን አበባ አውቃታለሁ» አለች። «ከአንድ ሙሽራ በላይ ወገብ ላይ አይቻታለሁ። ከየት እንደምትመጣ ነበር የማላውቀው።»

መርማሪዋ ቀስ እያለች የሚሆነውን ነገረቻቸው። እንደገና ይጠራሉ። በመሐላ፣ ለየብቻ። ያን ጊዜ ጥያቄው ስለነሱ ብቻ አይሆንም፤ ይህን ቬሎ ማን ማን እንደለበሰው ይጠየቃሉ። ዛሬ አንድ ውሸት ተነግሯል፤ ሁለተኛ ከተነገረ የሚስትየውም ፈቃድ አብሮ ይታያል።

«የኛ ጋብቻ የእውነት ነው» አለች ሰፊዋ። ድምጿ እንደ ተበዳሪ ሰው ድምፅ ሆነባት።

«ሳይሆን አይቀርም» አለች መርማሪዋ። «የውሸቶቹ መልስ እንደናንተ አይለያይም፤ አጥንተው ነው የሚመጡት። ግን እኔ ‹ሳይሆን አይቀርም› ብዬ የምፈርምበት ቦታ የለኝም።»

አስነጠሳት። ይማርሽ አላት ውሃ ልክ።

ወደ ቤት በእግር ነው የተመለሱት። እሷ ሁልጊዜ ቀድማ ነው የምትሄደው፣ እሱ ከኋላ። ያን ቀን ርቃ ሄደች፣ ከዚያ ቆማ ጠበቀችውና አላስታውስም ብትላት ምን ነበረበት አለችው።

«አስታውሳለሁ እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ።»

«አንቺስ እውነቱን ብትነግሪያት ምን ነበረበት?»

ቀድማው ሄደች።

በማግሥቱ ሚጡ ሱቅ መጣች። ወሬው ደርሷታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፣ ቬሎውን አየችው፣ ታላቋን አየች። ሰፊዋ የአንድ ሰው ሱሪ ጫፍ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ውሃ ልክን ስለኔ ይጠይቁታል?» አለች ሚጡ።

«ይጠይቁታል።»

«ይናገራል።»

«ይናገራል።»

ሚጡ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። ሰፊዋ መኪናዋን ረገጠች፣ ድምፁ ሳቁን እንዲሸፍነው። ሚጡ ግን ድምጿን ከመኪናው በላይ ከፍ አደረገች።

«ቆይ እትዬ፣ ቬሎውን ለምን ለበስሽው? ለኛ ነው እኮ የተሰቀለው። ለውሸታሞቹ። እናንተ ምን ጎደላችሁ?»

የሰፊዋ እግር መርገጫው ላይ ቆመ። ሱሪው መርፌው ስር እንደተወጋ ቀረ። ዝም በይ አለቻት። ሚጡ ዝም አላለችም። ምን ቸገረኝ፣ የድሮው መታጠቢያ ቤቴ አለ፣ ተመልሼ እገባለሁ አለች። እንዲያውም ውሃ ልክ ወለሉን አሳምሮልኛል፣ ቀጥ ብሎ ይጠብቀኛል አለች። ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ ተነስታ ወጣች። በጎን በኩል፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ስትሄድ ሰፊዋ በመስኮቱ አየቻት። መሀል መንገዱን ትታዋለች።

ሰፊዋ ለራሷ አትዋሽም። ራሷ ሄዳ ብትናገርስ ብላ አስባለች። አንድ ስም መጥራት ነው። ጥፋት ያጠፋው ይክፈል፣ ያላጠፋው ይኑር፤ ፍርድ ማለት ይኸው አይደለም? ያ ሽማግሌ የሚጡን ግራ ባት ያጠና ጊዜ የኔ ባል ወለል ላይ ተንበርክኮ በነጻ ሲሠራ ነበር። የሱሪውን አንድ እግር አጥፋ እስክትጨርስ አሰበችው። ሁለተኛውን እግር ስትጀምር ቅርንፉድ ነክሳ የተኛችው የሚጡ ፊት መጣባት። ሱሪውን ጨርሳ ሰቀለችው። ሐሳቡንም አብራ።

ባሏን ለመነችው። ልመና አይሆንላትም፤ እንደ ትእዛዝ ነው የወጣው። ራት ላይ ነበሩ። ሲጠይቁህ አላውቅም በል አለችው። አውቃለሁ እኮ አለ። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም፤ ዝም አይነቅዝም።

«ይጠይቁሃል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እህቴ ናት» አለች። «ለእህቴ አንዲት ቃል መዋሸት ያቅትሃል?»

«እሞክራለሁ ብዬሽ ብሄድ ፊቴ ያወጣዋል። ታውቂኛለሽ። ያን ጊዜ እሷም ትወድቃለች፣ አንቺም ትወድቂያለሽ።»

ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ የልደቷን ስጦታ ደብቆ ጠዋት ሙሉ ላብ ሲያጠምቀው ውሎ፣ ከምሳ በፊት አውጥቶ ሰጥቷታል። እንግዲህ ምን ይሻላል አለችው። ሳህኖቹን አነሳ። ሲያጥብ ቆይቶ፣ ጀርባውን እንደሰጣት፣ ሰውን ካልጠሩት መቼ ይጠይቁታል አለ። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነበር። እሷ አልሰማችውም ማለት ይቻላል፤ ነገ ስለምታደርሰው ልብስ እያሰበች ነበር።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ያለው ማን እንደሆነ እንጃ፤ የቀጠሮ ወረቀት ግን አልተሰጠውም።

በማግሥቱ እሷ ወደ ሱቅ ስትወጣ ተላጭቶ ነበር። የት ልትሄድ ነው አላለችውም። ሥራ የሌለው ሰው ቢላጭ ምን አለበት።

ቀትር ላይ ጸጉር ሠሪዋ የቀሚሷን ጫፍ ልታስይዝ መጥታ ወንበር ላይ ቆማለች። ሰፊዋ ከስሯ ተንበርክካ፣ አፏ ስፒል እንደሞላ፣ ዙሪያዋን እየዞረች ትሰካለች። ውሃ ልክ ገባ። በሩ አጠገብ ቆመ፣ ምንጣፍ ባይኖርም ጫማውን ጠረገ።

«ፋይሉን አስዘጋሁት» አለ።

ሰፊዋ ቀና አለች።

«ፋይል ከሌለ ቀጠሮ የለም» አለ። «ቀጠሮ ከሌለ መሐላ የለም። መርማሪዋን ጠይቄያታለሁ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው አለችኝ። አንቺንም ካሁን በኋላ አይጠሩሽም።»

«ማንን አስፈቅደህ?» አለች። ከነስፒሉ ነው የተናገረችው።

«ማስፈቀድ አያስፈልግም። አመልካቹ ብቻ ይፈርም ነው የሚለው።»

ጸጉር ሠሪዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ግማሽ ቀሚሷ ተይዟል፣ ግማሹ ተንጠልጥሏል። ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ አደረገች። ውሃ ልክ የቀረውንም ነገራት። ወሩ ሳያልቅ ከአገር ይወጣል። ከውጭ ሆኖ እንደገና ማመልከት ይችላል፤ ይታያል ብለውታል። መቼ እንደሚታይ አልነገሩትም፤ እሱም አልጠየቀም፣ ከኋላው ሰው ነበር።

«አንቺ እዚሁ ጠብቂኝ። ፈቃድሽን እንዳትነኪ። ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየሽ ይሰረዛል።»

«ለሚጡ ብለህ ነው?»

«አይደለም። ሚጡ ያደረገችው ልክ አይደለም። አሁንም ልክ አይደለም።»

«ታዲያ?»

ትንሽ አሰበ። እጁን ሸሚዙ ላይ ጠረገ፤ ንጹሕ እጅ ነበር፣ ሲሚንቶ ከነካ የሰነበተ።

«ጠማማ ሴራሚክ እነቅላለሁ» አለ። «ሰው ግን አልነቅልም።»

ጸጉር ሠሪዋ ከወንበሩ ላይ ሆና እኔ ነበርኩ እኮ አለች። የፈረምኩት እኔ፣ እልል ያልኩት እኔ። ፎቶ ይዛችሁ ኑ ከሚሉ እኔን ይዛችሁ ኑ ቢሉ ምን ነበረበት። ማን ጠየቀኝ? ሰፊዋ ቁሚ አትነቃነቂ አለቻትና ተመልሳ ተንበረከከች። የቀረውን ጫፍ ዙሪያውን ሰካች። ሁለት ቦታ ላይ ከመስመር ወጣች። ውሃ ልክ አየው። አስተካክዪው አላላትም።

ጸጉር ሠሪዋ ከሄደች በኋላ ሚጡ መጣች። ከጡረተኛው ሰምታ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃ ልክን ወረፋ ላይ ያየ ሰው ነግሮት። በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም፣ አልሄደችም። ውሃ ልክን አየችው፣ እሱ ወለሉን አየ። አፏን ከፈተች። አመሰግናለሁ ልትል ይሁን ይቅርታ፣ ወይ ስደበኝ ልትለው፣ አልታወቀም።

«እትዬ...» አለች።

«ከበሩ ዞር በይ» አለቻት ሰፊዋ። «ብርሃን ከለከልሽኝ።»

ሚጡ ትንሽ ቆየችና ሄደች። በየት በኩል እንደሄደች ሰፊዋ አላየችም።

ውሃ ልክ ምሳ አልበላሽም አላት። አልበላሁም አለች። አመጣለሁ ብሎ ወጣ።

ብቻዋን ስትሆን የጸጉር ሠሪዋን ቀሚስ መኪናው ላይ አውጥታ ሰፋችው። ከመስመር የወጡትን ሁለቱን ቦታዎች ፈትታ አስተካከለቻቸው። ተኮሰችው፣ አጥፋ ከወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ሊደርሱ የሚገባቸውን ሌሎች ሁለት ሱሪዎችም ጨረሰች። ባሏ ምሳውን ይዞ ሲመለስ ከጠረጴዛው ስር ገብታለች፤ እግሯ ብቻ ነው የሚታየው።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አላት።

«ካቻቪቴህን አምጣ።»

ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። የስፌት መኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ጋር የያዙትን ብሎኖች ፈታች። አንዱ ዝጎ እምቢ አላት፤ ፈታችው። ወጣች፣ ጉልበቷን አራገፈች። ቬሎውን ከመስኮቱ አውርዳ አበባውን ወደ ታች አድርጋ ወለሉ ላይ ዘረጋችው። የመኪናውን ራስ አንስታ መሀሉ ላይ አስቀመጠች፣ ከአራቱም ጎን ጠቀለለችው፣ በመለኪያ ሜትሯ ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«ሁለት ትኬት ቁረጥ። አሁን በዚያ በኩል ያዝልኝ» አለችው።